ጥሬ ፑኧር ሻይ፦ አፈላሉና አቀማመሱ

ጥሬ ፑኧርን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚቀምስ ሰው ፊቱን ያጨማድዳል፤ ይመራልና። ይህ ሁልጊዜ ቅጠሉ ተበላሽቷል ወይም ክፉኛ ተፈልቷል ማለት አይደለም። መምረር የዚህ ሻይ ጠባይ ነው። ጠላ የለመደ አፍ የጌሾ ምሬት ጉድለት እንዳልሆነ ያውቃል። መጠየቅ ያለበት ምሬቱ ከተዋጠ በኋላ ምን እንደሚሆን ነው። በግማሽ ደቂቃ ውስጥ ለቅቆ ጣፋጭ ምራቅ ያመጣል? ወይስ እንደ ግራዋ ምላስ ላይ ተጣብቆ ይቀራል? ከዚህ በታች ያለው ሚዛን፣ የውሃ ሙቀትና የሰከንድ ቆጠራ ሁሉ ይህን ለመለየት ነው። መጠኑና ሰዓቱ ካልታወቀ የመረረው ሻዩ ይሁን አፈላሉ ማንም ሊናገር አይችልም።

ምን ዓይነት ሻይ ነው?

ፑኧር የሚመረተው በደቡብ ምዕራብ ቻይና፣ በዩናን ግዛት ነው። ዋና ዋናዎቹ አካባቢዎች ሺሽዋንግባና፣ የፑኧር ከተማ ዙሪያና ሊንጻንግ ናቸው። የሻይ ዛፉ ትልልቅ ቅጠል ያለው ዝርያ ነው። ቅጠሉ ተለቅሞ ለጥቂት ሰዓታት ይጠወልጋል፣ በጋለ የብረት ምጣድ ይታመሳል፣ ይታሻል፣ ከዚያም ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ይደርቃል። ምጣዱ ቅጠሉን የሚያጠቁሩትን ኢንዛይሞች አብዛኛውን ይገድላል እንጂ እንደ አረንጓዴ ሻይ ጨርሶ አያጠፋቸውም። ማድረቂያውም የፀሐይ ሙቀት ስለሆነ ሻዩ ከዓመት ዓመት መለወጡን ይቀጥላል። ደርቆ የተዘጋጀው ቅጠል በእንፋሎት ለስልሶ ተጨምቆ ክብ ቂጣ ይሆናል። የተለመደው ቂጣ 357 ግራም ሲመዝን፣ ሰባቱ በቀርከሃ ቅርፊት አንድ ላይ ይጠቀለላሉ።

«የበሰለ» የሚባለው ፑኧር ሌላ ነገር ነው። እሱ እ.ኤ.አ. በ1973 በኩንሚንግ ከተማ ከዳበረ ዘዴ የመጣ ሲሆን፣ ቅጠሉ በውሃ ርሶ በክምር ለሳምንታት ይብላላል። ቀለሙ እንደ ቡና ይጠቁራል፣ ጣዕሙም ለስላሳ ነው፤ ቢረሳም ብዙ አይመርም። ጥሬው ግን ከተረሳ ይመራል፤ ሰከንድ የሚቆጠርበትም ለዚህ ነው። ከውሽውሽና ከጉመሮ እርሻዎች የሚመጣው የለመድነው ጥቁር ሻይም ከሁለቱ የተለየ ነው። ጥቁር ሻይ ከመድረቁ በፊት ሆን ተብሎ እንዲጠቁር የተደረገ ስለሆነ መፍላትን ይችላል፣ ስኳርና ቀረፋም ይስማማዋል። ጥሬ ፑኧር ላይ ግን ስኳር አይጨመርም። ስኳሩ ሊቀመስ የተፈለገውን ተመላሽ ጣፋጭነት፣ ማለትም ከምሬቱ በኋላ የሚመጣውን፣ ይሸፍነዋል።

ሲገዙ

ሙሉ ቂጣ አይግዙ። በመጀመሪያ ከ20 እስከ 30 ግራም ናሙና ይግዙ፤ ለአራት ጊዜ ያህል ይበቃል። ከአንድ ሻጭ አንድ ከመውሰድም ከሦስት የዩናን የሻይ ተራሮች ሦስት የተለያዩ ናሙናዎች ቢወስዱ ይሻላል፦ ከዪዉ አንድ፣ ከቡላንግ ተራራ አንድ፣ ከጂንግማይ አንድ። ዪዉ ለስለስ ያለና ማር ማር የሚል ነው። ቡላንግ በምሬቱ የታወቀ ነው፤ ስሙ የገነነው የላኦባንዣንግ መንደርም እዚያው ይገኛል። ጂንግማይ ደግሞ አበባ አበባ ይሸታል። የጂንግማይ ጥንታዊ የሻይ ደኖች እ.ኤ.አ. በ2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል። ሦስቱን ጎን ለጎን መቅመስ ስለ ፑኧር ብዙ ከማንበብ የበለጠ ያስተምራል።

መጠቅለያው ላይ 7542 የሚል ቁጥር ካዩ ሻዩ እ.ኤ.አ. የ1975 ምርት መስሎዎት እንዳይታለሉ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት አኃዞች ቅመራው የወጣበትን ዓመት፣ ሦስተኛው የቅጠሉን ደረጃ፣ አራተኛው ፋብሪካውን ያመለክታሉ። 2 ማለት የሜንግሃይ ሻይ ፋብሪካ ነው። ያው ቅመራ ዛሬም ስለሚመረት 7542 ያለፈው ዓመት ሻይ ሊሆን ይችላል። «ከብዙ መቶ ዓመት ዛፍ የተለቀመ» የሚለውንም ጽሑፍ ማስረጃ አድርገው አይውሰዱት። እ.ኤ.አ. በ2007 የፑኧር ዋጋ ሰማይ ነክቶ በዚያው ዓመት ሲንኮታኮት ብዙ ሰው የከሰረው ስምና ዓመት ገዝቶ ነው። «ያከሳል» ተብሎ የሚሸጠውንም ይለፉት። ሻይ እንደ ሻይ ነው የሚገዛው።

ደረቁን ቅጠል ያሽቱት። አዲሱ ሻይ ድርቆሽ፣ የደረቀ ፍራፍሬ ወይም ቀለል ያለ ጢስ ይሸታል። የጓዳ እርጥበት፣ የዓሣ ወይም የሽቶ ሽታ ካለው ይተዉት። ቂጣው ላይ ብር የመሰሉ ነጫጭ ክሮች ካዩ አይደንግጡ፤ የቅጠሉ እምቡጥ ጠጉር ነው፣ ከቅጠሉ ጋር ተጣብቆ ወደ አንድ አቅጣጫ ይተኛል። ሻጋታ ግን እንደ ጥጥ ቆም ያለ ነው፤ ወይም ቢጫ፣ አረንጓዴና ጥቁር ነጠብጣብ ይሠራል። የሻገተ ቂጣ ተፍቆ አይጠጣም፤ ይጣላል።

ዕቃው

ጋይዋን የሚባለው ክዳንና ማስቀመጫ ያለው ስስ የሸክላ ስኒ ከሁሉ ይመረጣል። ከ100 እስከ 120 ሚሊ ሊትር የሚይዝ ይሁን። ከሌለ አፉ ሰፋ ያለ የቡና ስኒና በላዩ የሚደፋ ማስቀመጫ ሳህን ሥራውን ይሠራሉ። ምን ያህል እንደሚይዝ ለማወቅ ሚዛን ላይ አስቀምጠው ውሃ ይሙሉት፤ 1 ግራም ውሃ 1 ሚሊ ሊትር ነው። ጀበና ግን አይሆንም። ጭቃው የቡናውን ሽታና ዘይት ስለጠጣ ሻዩ ቡና ቡና ይላል፤ አንገቱም ጠባብ ስለሆነ ቅጠሉን ቶሎ ከውሃው መለየት አይቻልም።

ሌላው የሚያስፈልገው 0.1 ግራም የሚለይ ትንሽ ዲጂታል ሚዛን፣ ማጥለያ፣ ሻዩ ተጠልሎ የሚቀዳበት ትንሽ የብርጭቆ ጆግ፣ የቡና ስኒዎችና የእጥበት ውሃ መድፊያ ጎድጓዳ ሳህን ነው። ጆጉ ትርፍ አይደለም። በቀጥታ ከጋይዋን ወደ ስኒ ከተቀዳ የመጀመሪያው ስኒ ቀጭን፣ የመጨረሻው ወፍራም ይሆናል። መጀመሪያ ጆጉ ውስጥ ሲገባ ግን ለሁሉም እኩል ይደርሳል። ዕቃዎቹን በሳሙና አይጠቡ፤ በፈላ ውሃ ማለቅለቅ ይበቃል። ሚዛኑን አይዝለሉት። የተጨመቀ ቅጠል ለዓይን ትንሽ መስሎ 9 ግራም፣ የተበተነው ብዙ መስሎ 4 ግራም ሊመዝን ይችላል።

ውሃው፦ ከፍታ ያለበት ሰው ማወቅ ያለበት

ብዙዎቹ መመሪያዎች «ውሃው 95 ዲግሪ ይሁን፣ ለአሮጌው 100» ይላሉ። አዲስ አበባ ላይ ግን 100 ዲግሪ የሚባል ውሃ የለም። ከባሕር ወለል በላይ በየ300 ሜትሩ የውሃ መፍያ ነጥብ 1 ዲግሪ ገደማ ዝቅ ይላል። ስለዚህ አዲስ አበባ ላይ ውሃ የሚንፈቀፈቀው ወደ 92 ዲግሪ፣ ደብረ ብርሃን ከ91 በታች፣ ባሕር ዳር ወደ 94፣ ድሬዳዋ ወደ 96 ላይ ነው። ዱባይ፣ ቴል አቪቭና ዋሽንግተን ያሉ አንባቢዎች ግን ሙሉ 100 ያገኛሉ። የዩናን ዋና ከተማ ኩንሚንግም 1,900 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃዋ የሚፈላው ከባሕር ዳር ጋር በሚቀራረብ ሙቀት ነው። የሻዩ አገር ሰዎችም ከዚህ ጋር ነው የሚኖሩት።

ከዚህ ሁለት ነገር ይከተላል። ከአምስት ዓመት በታች የሆነ ወጣት ሻይ ደጋ ላይ የፈላ ውሃ በቀጥታ ቢፈስበት አይጎዳውም፤ የሚፈልገው ከ88 እስከ 95 ዲግሪ ነው። ቆላና የባሕር ዳርቻ ላይ ግን ከፈላ በኋላ ክዳኑን ከፍተው ሁለት ደቂቃ ያህል ያሳርፉት። ያረጀው ሻይ ላይ ነገሩ ይገለበጣል። እሱ ከፍተኛ ሙቀት ስለሚፈልግ ደጋ ላይ እያንዳንዷን ሙቀት መቆጠብ ያስፈልጋል። አንዱ ቅጠል በዙር ደጋግሞ ስለሚቀዳ ለእያንዳንዱ ዙር ውሃውን እንደገና ያፍሉ፣ ማንቆርቆሪያውን ከጋይዋኑ አጠገብ ያድርጉ፣ ክዳኑን ከደፉ በኋላ በላዩ ጥቂት የፈላ ውሃ ያፍስሱ፣ ከታች በአፈላሉ ደረጃዎች በተሰጡት ሰከንዶች ላይም በየዙሩ ከ5 እስከ 10 ሰከንድ ይጨምሩ። ፔርሙዝ ውስጥ የቆየ ውሃ ደጋ ላይ ለአሮጌ ሻይ አይሆንም።

የውሃው ማዕድን ሌላው ጉዳይ ነው። ለስላሳ፣ ማለትም ማዕድኑ ያነሰ ውሃ ይምረጡ። የታሸገ ውሃ ከሆነ መለያው ላይ ጠቅላላ የሟሙ ማዕድናት በሊትር ከ30 እስከ 100 ሚሊ ግራም የሆነውን ይፈልጉ። ባይካርቦኔቱ ከፍ ያለ ውሃ የሻዩን ቀለም ያጠቁራል፣ መዓዛውን ያፍናል፣ ላዩ ላይም ቅባት የመሰለ ስስ ሽፋን ይሠራል። እንደ አምቦ ያለ የማዕድን ውሃ ጋዙ ቢወጣም ለዚህ አይሆንም። ምንም ማዕድን የሌለው የተጣራ የባትሪ ውሃም አይደለም መፍትሔው፤ ሻዩ ባዶና ሹል ይሆናል። ክሎሪን የሚሸት የቧንቧ ውሃ ሰፊ ዕቃ ላይ ክፍት ሆኖ ቢያድር ይሻለዋል።

ቂጣውን መፈልፈል

ለዚህ የሚሸጥ ልዩ መሣሪያ አለ፤ ሲያዩት ግን የስፌት ወስፌ ነው። ንጹሕ ወስፌ ካለዎት ይበቃል። ቂጣውን ጠረጴዛ ላይ ያስተኙት። ወስፌውን ከጎኑ፣ ከቅጠሎቹ ንብብር ጋር ትይዩ አድርገው ያስገቡና ቀስ ብለው ወደ ላይ ያንሱ። ቅጠሉ በንጣፍ በንጣፍ ይነሣል። ሌላው እጅዎ ከወስፌው ፊት አይሁን፤ ብዙ ሰው መዳፉን የሚወጋው እዚህ ላይ ነው። ከላይ ወደ ታች መውጋትና መስበር ቅጠሉን ዱቄት ያደርገዋል፣ ዱቄቱም ከሙሉ ቅጠል ይልቅ ምሬቱን በአንዴ ይለቃል። መጀመሪያው ዙር እሬት ከሆነ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ እዚህ ነው የተሠራው። የወደቀውን ዱቄት ለብቻ ያኑሩት እንጂ ሚዛን መሙያ አያድርጉት።

የተፈለፈለውን ወዲያው መጠጣት ይቻላል። ሆኖም በወረቀት ከረጢት ወይም ሽታ በሌለው የሸክላ ዕቃ አንድ ሁለት ሳምንት ቢያርፍ የታፈነው ሽታ ይወጣለታል። ለረጅም ጊዜ በፕላስቲክ ታሽጎ የመጣ ናሙና ላይ ልዩነቱ በጣም ይታያል።

አፈላሉ፣ ደረጃ በደረጃ

1. ጋይዋኑን፣ ጆጉንና ስኒዎቹን በፈላ ውሃ ያሙቁና ይድፉ። ቀዝቃዛ ሸክላ የመጀመሪያውን ውሃ ሙቀት ይቀማል።

2. ለ100 ሚሊ ሊትር፣ ሻዩ ወጣት ከሆነ 6 ግራም፣ ከአሥር ዓመት በላይ ከሆነ 7 ግራም ቅጠል ይመዝኑ። በሞቀው ጋይዋን ውስጥ ጨምረው ይክደኑ፣ ሦስት ጊዜ ነቅነቅ አድርገው ክዳኑን ገለጥ ያድርጉና ያሽቱ። የተደበቀ ጢስም ሆነ የሻጋታ ሽታ የሚታወቀው እዚህ ላይ ነው።

3. ያለቅልቁት። ውሃ ሞልተው 5 ሰከንድ ያህል ቆይተው ሙሉ በሙሉ ይድፉ። ከዚያ ክዳኑን ደፍተው ከ30 ሰከንድ እስከ 1 ደቂቃ ይተዉት፤ እንፋሎቱ የተጨመቀውን ቅጠል ይከፍተዋል። ያረጀ ወይም እርጥበት ባለበት የቆየ ሻይ ሁለት ጊዜ ይለቀለቃል። በጣም ተጠቅጥቆ እንደ ድንጋይ የሆነ ቁራጭ ከሆነ መጀመሪያ 10 ሰከንድ ይለቅለቅና 2 ደቂቃ በእንፋሎቱ ይረፍ፤ አለዚያ ሁለት ዙር ውሃ ውሃ ብሎ በሦስተኛው ድንገት ይመራል።

4. አሁን የመጀመሪያው ዙር። ውሃውን በጋይዋኑ ጎን ቀስ አድርገው ያፍስሱ እንጂ ከከፍታ ቅጠሉ ላይ አያውርዱት። እስከ ከንፈሩ አይሙሉት። ውሃው ጋይዋኑ ወደ ውጭ ከሚገለበጥበት ጠርዝ በታች ከቆመ ጣት አይቃጠልም። ክዳኑን ጥቂት አዘንብለው ቅጠል የማያሳልፍ ቀዳዳ ያብጁለት፣ ጠርዙን በአውራ ጣትና በመሐል ጣት ይዘው፣ በአመልካች ጣት የክዳኑን ጉብታ ተጭነው ወደ ጆጉ ይገልብጡ። 5 ሰከንድ ከቆየ ይበቃል። የመቅጃው ጊዜም መዘፍዘፍ ነውና መቅዳቱ ራሱ ሌላ 5 ሰከንድ እንደሚጨምር አይርሱ። ጀማሪ እጅ በዝግታ ስለሚቀዳ ነው ብዙውን ጊዜ ሻዩ ከታሰበው በላይ የሚከብደው።

5. እስከ መጨረሻዋ ጠብታ ያውጡት። ከታች የቀረች አንድ ማንኪያ ውሃ እስከሚቀጥለው ዙር ቅጠሉን እየዘፈዘፈች ትቆያለች፣ የሚቀጥለውንም ስኒ ታመርረዋለች። ከቀዱ በኋላ ወጣት ሻይ ከሆነ ክዳኑን ክፍት ይተዉት፤ በራሱ ሙቀት ታፍኖ እንዳይቀቀል።

6. ቀጣዮቹን ዙሮች በዚህ ያስኪዱ፦ ሁለተኛው 5 ሰከንድ፣ ሦስተኛው 7፣ አራተኛው 10፣ አምስተኛው 15፣ ስድስተኛው 20፣ ሰባተኛው 30፣ ስምንተኛው 45፣ ዘጠነኛው 1 ደቂቃ፣ አሥረኛው 2፣ ከዚያ በኋላ 3 ደቂቃና ከዚያ በላይ። ይህ መነሻ እንጂ ሕግ አይደለም። ካለፈው ስኒ ከበድ ካለ ቀጣዩን እዚያው ሰከንድ ላይ ያቁሙት፤ ከቀለለ በእጥፍ ያሳድጉት።

7. ሻዩ ሲያልቅ ቅጠሉን አይጣሉት። በትንሽ ድስት በ300 ሚሊ ሊትር ውሃ ለ5 ደቂቃ በዝቅተኛ እሳት ይንተክተክ። በተለይ ያረጀ ሻይ የመጨረሻውን ጣፋጭ የሚሰጠው እንዲህ ነው፤ ደጋ ላይ ያለ ሰው በጋይዋን ያላገኘውን በድስት ያገኘዋል።

ቡናን አቦል፣ ቶና፣ በረካ ብሎ ለሚያወርድ ሰው ከአንድ ቅጠል አሥር ጊዜ መቅዳት እንግዳ ነገር አይደለም። ልዩነቱ እዚህ አቦሉ ምርጡ አለመሆኑ ነው። የመጀመሪያው ዙር ገና ያልተፈታ ቅጠል ውሃ ነው። ሻዩ ራሱን የሚገልጠው ከሦስተኛው እስከ ስድስተኛው ባለው ነው፤ ፍርድዎን እስከዚያ ያቆዩት።

አቀማመሱ

ከመቅመስዎ በፊት ባለው አንድ ሰዓት በርበሬ ያለበት ምግብ፣ ቡናና የጥርስ ሳሙና አፍዎን አይንኩ። ዕጣን በሚጨስበት ቤትም አይቀመስም። ባዶ ሆድ ላይ ወጣት ጥሬ ፑኧር ያቅለሸልሻል፤ አንዳንዱን ሰው እጁን ያንቀጠቅጠዋል። የሚጾም ሰው ጾሙን ሳይፈታ አይጀምረው። ምግብ ከበሉ በኋላ አንድ ሰዓት ያህል ቢቆዩ ጥሩ ነው፤ የሻዩ ታኒን ከምግብ የሚገኘውን ብረት መመጠጥ ስለሚቀንስ ነፍሰ ጡርና ደም ያነሰው ሰው ይህን ልብ ይበል። ካፌይኑም ቀላል ስላልሆነ ከመኝታ በፊት አይሆንም።

መጀመሪያ ቀለሙን በጆጉ ይዩ። ወጣቱ ፈዛዛ ቢጫ፣ መካከለኛው ወርቅማ፣ ያረጀው ወደ ቀይ ቡናማ ይሄዳል። ሁለት ዓመት ነው የተባለ ሻይ ቀላ ካለ፣ ወይ ቅጠሉ ምጣድ ላይ ሳይታመስ ቆይቶ ጠቁሯል፣ ወይ ሞቃትና እርጥብ ቦታ ነበር። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ዙሮች ደፍረስ ቢሉ ከዱቄቱ ነው። አምስተኛውም ከደፈረሰ ጥርጣሬ ይገባል።

ቀጥሎ ሽታውን ከሦስት ቦታ ይውሰዱ፦ ከክዳኑ ውስጥ፣ ከትኩሱ ሻይ፣ ከባዶው ስኒ። ሦስተኛው ከሁሉ ይበልጣል። ጠጥተው የጨረሱትን ስኒ አንድ ደቂቃ አቆይተው ያሽቱ። ጥሩ ሻይ ስኒው ሥር ማር ወይም የተቃጠለ ስኳር የመሰለ ሽታ ትቶ ይሄዳል፤ ስኒው ከቀዘቀዘ በኋላም ይቆያል። ላዩን ብቻ ሞቅ ያለ የተቆላ ባቄላ የሚሸትና ባዶ ስኒው ምንም የማይል ሻይ በጣም በጋለ ምጣድ የታመሰ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለው ዛሬ ደስ ይላል፤ ተቀምጦ የማደግ ተስፋው ግን ትንሽ ነው። ያረጀ ሻይ የቆየ የእንጨት ሳጥን፣ አንዳንዴም እንደ ቪክስ አፍንጫ የሚከፍት ካምፎር ይሸታል።

ከዚያ ይጠጡ። ቡና ቀማሾች በማንኪያ እንደሚስቡት በድምፅ ከአየር ጋር ይሳቡት፤ አፍ ውስጥ 5 ሰከንድ ያንከባልሉትና ይዋጡ። አሁን ነው ዋናው ሥራ የሚጀምረው፦ በልብዎ እስከ 30 ይቁጠሩ። ምሬቱ ስንት ላይ ለቀቀ? 10 ላይ ከሄደና ምላስ ላይ ጣፋጭ ነገር ከመጣ ጥሩ ምልክት ነው። 30 ደርሶም ካልለቀቀ ጥሩ ምልክት አይደለም፤ ሰከንዱን አሳጥረው ቢያፈሉትም ካልለቀቀ የሻዩ ጉድለት ነው።

ምሬትንና አፍ መሰብሰብን አይቀላቅሉ። ምሬት ጣዕም ነው፤ አፍ መሰብሰብ ደግሞ ያልበሰለ ሙዝ ሲበሉ ምላስና ድድ ላይ የሚሰማው ድርቀት ነው። አፍ የሰበሰበ ሻይ ወዲያው ምራቅ ካመጣ መልካም ነው። ጉንጭን እንደ ብራና አድርቆ ከተወ ግን ጥሩ አይደለም። ከሁሉም የከፋው ጉሮሮ ሲያዝ ነው፦ ሲውጡ የሚከረክር፣ ውሃ የሚያስጠማ። እንዲህ የሚያደርግ ሻይ ምንም ስም ቢኖረው አይገዛም።

የአካሉንም ክብደት ይመዝኑ። ቀጭኑ እንደ ውሃ ያልፋል፤ ወፍራሙ እንደ ስስ አጥሚት ምላስ ላይ ይተኛል። ጠንካራ ጣዕም ማለት ወፍራም አካል ማለት አይደለም፤ የመረረ ሆኖ ቀጭን የሆነ ሻይ ብዙ አለ። አራተኛውን ዙር ከጠጡ በኋላ ደግሞ ለብ ያለ ንጹሕ ውሃ ይጎንጩ። ውሃው ጣፋጭ መስሎ ከተሰማ ተመላሽ ጣፋጭነቱ እውነተኛ ነው። ይህ ሙከራ ቀላል ስለሆነ የሻጩ ወሬ አይሸፍነውም።

በመጨረሻ የፈላውን ቅጠል ነጭ ሳህን ላይ ዘርግተው ይንኩት። ለስላሳ፣ የሚለጠጥና የተከፈተ ይሁን። ጠርዙ ብቻ ቀላ ማለቱ የተለመደ ነው። እንደ ቆዳ ደርቆ አልከፈትም ያለና የጠቆረ ቅጠል እርጥበት በበዛበት ቤት ኖሯል።

ሁለት ሻይ ለማወዳደር ሲፈልጉ ጋይዋኑን ይተዉና በጭካኔ ይፈትኗቸው። 3 ግራም ከእያንዳንዱ፣ በ150 ሚሊ ሊትር የፈላ ውሃ፣ በተመሳሳይ ዕቃ፣ 5 ደቂቃ። ይህ ለመጠጣት ደስ የሚል አይደለም፤ ነገር ግን የሰለጠነ እጅ በጋይዋን የሚደብቀውን ጉድለት ሁሉ ያወጣዋል። በ5 ደቂቃ መርሮም ካበቃ በኋላ የሚጣፍጥ ሻይ የሚገዛ ሻይ ነው።

ሲበላሽ

ከመጀመሪያው ጀምሮ እሬት ከሆነ ዱቄቱን ይመልከቱ፤ ከዚያ ግራሙን፣ ከዚያ የአቀዳድዎን ፍጥነት። ውሃውን ማቀዝቀዝ የመጨረሻው መፍትሔ ይሁን፤ ቀዝቃዛ ውሃ ምሬቱን ብቻ ሳይሆን መዓዛውንም ይቀንሳል፣ ስለ ሻዩም የተሳሳተ ፍርድ ያሰጣል።

ውሃ ውሃ ካለ ዕቃው አልሞቀም፣ ወይም ቁራጩ መሐሉ ገና ደረቅ ነው። ክዳኑን ከፍተው ይዩ፤ ቁራጩ ሳይፈታ እንዳለ ከሆነ 1 ደቂቃ ያቆዩት እንጂ በክዳኑ አይደፍጥጡት።

ጢስ የሚሸተው ከምጣዱ እሳት ነው። በወይራ የታጠነ ዕቃ ለሚወድ አፍ ትንሹ ደስ ይላል፤ ከዓመታት በኋላም ይቀንሳል። የተቃጠለ ላስቲክ የመሰለው ግን ብዙ ጊዜ አይለቅም። ኮምጣጣ ጣዕም ቅጠሉ በደንብ ሳይደርቅ መጨመቁን ወይም እርጥበት መያዙን ያመለክታል፤ በአፈላል አይስተካከልም። ዝናብ የነካው አፈር ሽታ በሁለተኛው እጥበት ከጠፋ ይጠጣል፤ እስከ አምስተኛው ከዘለቀ አይጠጣም።

ሥራ ቦታ ላይ

ጋይዋን መዘርጋት በማይቻልበት 2 ግራም ቅጠል በ400 ሚሊ ሊትር ፔርሙዝ ውስጥ ይጨምሩ። አለቅልቀው ከሞሉ በኋላ ከአምስት ዓመት በላይ የሆነውን ለሁለት ሰዓት ይተዉት። ወጣቱን ሻይ ፔርሙዝ ውስጥ አይክተቱት። እሱ በረጅም ብርጭቆ፣ 1.5 ግራም ለ300 ሚሊ ሊትር፣ ሢሶው ሲቀር ውሃ እየተሞላ ይጠጣል። ሢሶውን ማስቀረት ያለብዎት ቀጣዩ ውሃ ቀጭን እንዳይሆን ነው።

አቀማመጡ

ጥሬ ፑኧር ሽታ ይጠጣል። ወጥ ቤት፣ ቅመም የተቀመጠበት ጓዳ፣ ቡና የሚቆላበትና ዕጣን የሚጨስበት ክፍል፣ ናፍታሊን ያለበት ቁምሳጥን ሁሉ ይገድሉታል። ናፍታሊን የገባበት ቂጣ አይድንም። ፍሪጅም አይሆንም፤ ደረቅና ሽታ የበዛበት ነው።

የሚፈለገው ከ20 እስከ 30 ዲግሪ ሙቀት፣ ከ60 እስከ 70 በመቶ የአየር እርጥበት ነው። ርካሽ የእርጥበት መለኪያ ገዝተው ከቂጣው አጠገብ ያስቀምጡ። 75 ካለፈ ሻጋታ ይመጣል። 45 ገደማ ከሆነ ሻዩ አይበላሽም፤ ግን እንደ ቆመ ይቀራል። በባሕረ ሰላጤው አገሮች ቤት ውስጥ አየር ማቀዝቀዣው ቀን ከሌት እርጥበቱን ስለሚመጥጥ ቂጣውን ከወረቀት መጠቅለያው ጋር ጥቅጥቅ ባለ ሽታ አልባ ከረጢት አሽገው 65 ወይም 69 በመቶ የሚጠብቅ የእርጥበት መቆጣጠሪያ ከረጢት ይጨምሩበት። ደጋ ላይ በበጋ አየሩ ስለሚደርቅ፣ ቂጣዎቹን አንድ ላይ በወፍራም ካርቶን ሽታ በሌለበት ክፍል ማኖር ከነጠላ ነጠላ ይሻላል፤ በክረምት ደግሞ ከወለልና ከግድግዳ ያርቋቸው። ጥሬውንና የበሰለውን በአንድ ሣጥን አያኑሩ፤ የበሰለው ሽታ ያሸንፋል።

በዓመት አንድ ጊዜ፣ በተመሳሳይ ግራም፣ ውሃና ሰከንድ አፍልተው ምሬቱ ስንት ላይ እንደለቀቀ በመጠቅለያው ጀርባ በእርሳስ ይጻፉ። እስክሪብቶ ቀለሙ ይሸታል።